አሊ ወይስ ታይሰን? የቦክስ ክርክር አከራከርና የግጥሚያ ግምት አሰራር

ቦክስ የሚወዱ ሁለት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ካሉ "የከባድ ሚዛኖቹ መሐመድ አሊና ማይክ ታይሰን በፕራይማቸው፣ ማለትም በምርጥ ዘመናቸው፣ ቢገናኙስ" የምትለዋ ጥያቄ ሳትነሳ ቡና ተጠጥቶ አያልቅም። አንዱ "ታይሰን በሁለት ዙር ይዘርረዋል፣ አለቀ" ይላል፣ ሌላው "አሊን የት አግኝቶት ነው ሚመታው ባክህ" ይላል፣ ከዛ ድምፅ ከፍ ከፍ ይላል፣ ከዛ አንዱ ስልኩን ያወጣና የአንድ ደቂቃ የዝረራ ክሊፕ እንካችሁ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም የመጣበትን ይዞ ይሄዳል። ክርክሩን እወደዋለሁ፣ ስራ እስኪያስፈታኝ ነው ምወደው። ግን አብዛኛው ጭቅጭቅ "ማን ያሸንፋል" ላይ ይመስላል እንጂ ሰዎቹ ጭራሽ ስለ አንድ ግጥሚያ እያወሩ አይደለም። አንዱ በጭንቅላቱ የያዘው በ1966 እንደ ቢራቢሮ ሚበረውን አሊ ነው፣ ሌላው ደሞ በ1980 ላሪ ሆልምስ ሲቀጠቅጠው የዋለውን፣ እንዴት ብለው ይስማሙ?

ስለዚ እኔ ክርክር ውስጥ ስገባም ሊመጣ ስላለ ግጥሚያ ስገምትም ማደርገውን ልንገራችሁ። ዓመተ ምህረቱ በሙሉ በፈረንጅ ነው።

ሲጀመር ቀን ቁረጡ

"በፕራይሙ" ማለት አይበቃም። የትኛው ምሽት? ከማን ጋር የተጋጠመው? ቀኑን በሉ። ለአሊ እኔ ህዳር 14 ቀን 1966ን ነው ምወስደው፣ ሂውስተን ላይ ክሊቭላንድ ዊልያምስን በ3ኛው ዙር ያስቆመበትን። ያኔ 24 ዓመቱ ነው፣ እግሩ አያርፍም፣ 96 ኪሎ ከምናምን ሆኖ እንደ ቀላል ሚዛን ነው ሚንቀሳቀሰው። ከዛ በ1967 ውትድርና አልሄድም ሲል ቀበቶውንም ፈቃዱንም ቀሙት፣ እስከ ጥቅምት 1970 ድረስ ሪንግ ውስጥ አልገባም። ያ ሶስት ዓመት ተኩል ነው ሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም የተመለሰው ሰውዬ ጎበዝ ነው ግን ሌላ ቦክሰኛ ነው። በ1974 ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን ያሸነፈው አሊ ገመድ ላይ ተደግፎ ቡጢ እየዋጠ ነው፣ የ66ቱ አሊ ገመድ ላይ ምን ሊሰራ ይሄዳል?

ለታይሰን ደሞ ሰኔ 27 ቀን 1988፣ አትላንቲክ ሲቲ፣ ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ያስተኛበት ምሽት። 22 ዓመት ሊሞላው ሶስት ቀን ይቀረዋል፣ ከዛ በፊት የነበረው 34 ለ 0 በዛን ቀን 35 ለ 0 ሆነ፣ ኮርነሩ ላይ አሰልጣኙ ኬቨን ሩኒ አለ። ይሄ የኮርነሩ ጉዳይ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሩኒ ታይሰንን ያሳደገው አሰልጣኝ የከስ ዳማቶ ልጅ ነው ማለት ይቻላል፣ ዳማቶ በ1985 ከሞተ በኋላ ያንን ጭንቅላት እያወዛወዙ መግባት፣ ከጎን ሆኖ ሁለት ሶስት ቡጢ ማቀናጀት ምናምን ሚያስጠብቀው እሱ ነበር። በዛው በ1988 ተባረረ፣ ከዛ በኋላ ያለው ታይሰን ቀስ በቀስ አንድ ትልቅ ቡጢ ሚፈልግ ሰው ሆነ። ስለዚ በ1990 ቶኪዮ ላይ የተዘረረውን ታይሰን ወይ ደሞ የሆሊፊልድን ጆሮ የነከሰውን ይዞ መጥቶ "ይኸው ታይሰን" ሚል ሰው ክርክሩን እያጭበረበረ ነው፣ ልክ የ1980ውን አሊ እንዳመጣው ሰው።

ውሉን ተፈራረሙ

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ግን ውል ግጥሚያ ይቀይራል። ሚያዝያ 1987 ላይ ማርቪን ሃግለርና ሹገር ሬይ ሌናርድ ሲጋጠሙ ሌናርድ ከ1984 ወዲህ አንድም ውጊያ አላደረገም፣ ሁሉም ሰው ሃግለር ይበላዋል ብሏል። ሌናርድ ግን ድርድር ላይ ብልጥ ነው፣ የገንዘቡን ትልቁን ድርሻ ለሃግለር ተወለትና በምትኩ 15 ዙር መሆኑ ቀርቶ 12 ዙር፣ ሰፊ ሪንግ፣ 10 አውንስ ጓንት አስፈረመ። ሰፊ ሪንግ ማለት መሮጫ ነው፣ 12 ዙር ማለት ከደከመ በኋላ ያሉት ሶስት ዙሮች የሉም ማለት ነው። ሌናርድ በተከፋፈለ ነጥብ አሸነፈ፣ ሁለቱ ዳኞች 115 ለ 113 ሰጡ፣ አንዱ ለሃግለር አንዱ ለሌናርድ፣ ሶስተኛው 118 ለ 110 ለሌናርድ ብሎ እስከዛሬ ይሰደብበታል። 15 ዙር ቢሆን ሃግለር ይደርስበት ነበር ሚሉ አሉ፣ እኔም ከነሱ ነኝ፣ ግን አልሆነም፣ ሃግለርም ተመልሶ ሪንግ ውስጥ አልገባም።

ስለዚ የሁለት ዘመን ሰዎችን ስታገናኙ፦ 12 ዙር ነው 15? የኮሪያው ዱክ ኩ ኪም በ1982 ከማንቺኒ ጋር ተጋጥሞ ከሞተ በኋላ ነው የቦክስ ማህበራቱ አንድ በአንድ ወደ 12 የወረዱት፣ የአሊ ዘመን 15 ነው፣ ታይሰን 15 ዙር ተዋግቶ አያውቅም። ክብደት የሚለካው የዛኑ ቀን ነው ወይስ ከአንድ ቀን በፊት? ከአንድ ቀን በፊት ከሆነ መካከለኛና ዌልተር ሚዛን ላይ ያለ ሰው ውሃ አድርቆ ይለካና ነገ ኪሎውን መልሶ ይመጣል፣ ለከባድ ሚዛን ግን ግድ የለውም። ዳኛውስ ማቀፍ ይፈቅዳል ወይስ ቶሎ ይለያያል? ይቺ የመጨረሻዋ ለአሊና ታይሰን ነፍስ ናት፣ እመለስባታለሁ።

"እገሌ እገሌን አሸንፏል" ሚለውን ሂሳብ ጣሉት

በጣም የተለመደውና በጣም የማይረባው መከራከሪያ ይሄ ነው። ሀ ለን ካሸነፈ፣ ለ ሐን ካሸነፈ፣ እንግዲያው ሀ ሐን ያሸንፋል። ሂሳብ ላይ ይሰራል፣ ቦክስ ላይ አይሰራም፣ ማስረጃው ደሞ ራሱ አሊ ነው።

መጋቢት 1971፣ ጆ ፍሬዘር አሊን 15 ዙር ተዋግቶ በነጥብ አሸነፈው፣ በመጨረሻው ዙር ላይ በግራ ሁክ (ከጎን ታጥፎ በሚመጣ ቡጢ) ዘርግቶታል። ጥር 1973፣ ጆርጅ ፎርማን ኪንግስተን ጃማይካ ላይ ያንኑ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ ጣለው፣ ስድስት! መጋቢት 1973፣ ኬን ኖርተን የአሊን መንጋጋ ሰብሮ በነጥብ አሸነፈ። መጋቢት 1974፣ ፎርማን ኖርተንንም ካራካስ ላይ በሁለት ዙር ጨረሰው። እንግዲህ አሊን ያሸነፉትን ሁለቱን ሰዎች ፎርማን በድምሩ በአራት ዙር ነው የበላቸው። በዛ ሂሳብ ከሄድን ጥቅምት 30 ቀን 1974 ኪንሻሳ ላይ አሊ አንድ ዙር መቆም አልነበረበትም። በ8ኛው ዙር ፎርማን መሬት ላይ ነበር።

ለምን? ፍሬዘር አጭር ነው፣ ጎንበስ ብሎ ወደፊት ነው ሚመጣው፣ የፎርማን አፐርከት (ከታች ወደ ላይ የሚመጣው ቡጢ) ደሞ ጎንበስ ብሎ ለሚመጣ ሰው የተሰራ ነው። ኖርተን ወደኋላ ሲገፋ መስራት አይችልም፣ ፎርማን ደሞ ስራው መግፋት ነው። አሊ ግን ወደኋላ መሄድም፣ ገመድ ላይ ሆኖ መከላከልም፣ አንገት ይዞ ማቀፍም፣ ቀጥ ያለ ቀኝ መሰንዘርም ይችላል፣ ፎርማን ደሞ ከአምስተኛው ዙር በኋላ ነዳጁ ያልቃል። ስታይል ማለት ይሄ ነው። "ስታይል ግጥሚያ ይሰራል" እያለ ሁሉም ሰው ይለፍፋል ግን ሲከራከር ወደ ሂሳቡ ይመለሳል።

የቅርቡን ከፈለጋችሁ ደሞ፣ ጥቅምት 2023 ሪያድ ላይ ፍራንሲስ ንጋኑ የመጀመሪያ የፕሮፌሽናል ቦክሱን ሲያደርግ ታይሰን ፊዩሪን (ከማይክ ታይሰን ጋር እንዳይምታታባችሁ፣ ሌላ ሰው ነው) በ3ኛው ዙር ጣለው፣ ፊዩሪ በተከፋፈለ ነጥብ ነው ያመለጠው። መጋቢት 2024 አንቶኒ ጆሹዋ ንጋኑን በሁለት ዙር አስተኛው። ወዲያው "ጆሹዋ ፊዩሪን በሁለት ዙር" ተባለ፣ ሰዉ ጮቤ ረገጠ። በመስከረም ዊምብሌይ ላይ ዳንኤል ዱቧ ጆሹዋን በ5ኛው ዙር ዘረረው። ዱቧን ደሞ ኡሲክ ሁለቴ ነው ያሸነፈው፣ በ2023ም በ2025ም። እሺ አሁን ይሄን አደባልቃችሁ ንጋኑን የት ታስቀምጡታላችሁ?

በምትኩ ምን ትጠይቃላችሁ፦ ይሄ ሰው ምን አይነት ቦክሰኛ ሲገጥመው ነው ሚቸገረው? ተሸንፎ ከሆነ እንዴት ተሸነፈ፣ አሸንፎም ከሆነ በየትኞቹ ዙሮች ተጨነቀ? ያሸነፈበትን ክሊፕ ማየት ለመዝናኛ ነው። የተጨነቀበትን ሙሉውን ዙር ያየ ሰው ነው ክርክር ላይ ሚፈራው።

አሁን አሊና ታይሰንን እናጋጥም

ውሉ፦ የ66ቱ አሊ፣ የ88ቱ ታይሰን፣ 12 ዙር፣ መካከለኛ ስፋት ያለው ሪንግ፣ ዳኛው መጠነኛ ማቀፍ ሚፈቅድ።

ሰውነት ላይ እንጀምር። አሊ 191 ሳንቲ ሜትር፣ ታይሰን 178። የእጅ ርዝመት አሊ 198 ታይሰን 180፣ አስራ ስምንት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ነው። ግን "ትልቅና ትንሽ" ከማለታችሁ በፊት ሚዛኑን እዩ፣ ታይሰን ከስፒንክስ ጋር ሲለካ 99 ኪሎ ነበር፣ ማለትም ከ66ቱ አሊ ይከብዳል። አጭር ነው እንጂ ትንሽ አይደለም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ታይሰንን ማን አስቸገረው? ክሊፖቹ ላይ ማንም። ሙሉ ግጥሚያዎቹ ላይ ግን አሉ። በ1986 ጄምስ ቲሊስ እየተንቀሳቀሰ 10 ዙር ሙሉ ቆሞለታል፣ ሁለቱ ዳኞች 6 ለ 4 ነው የሰጡት፣ ቲሊስ ማለት ደሞ አሊ አይደለም። በ1987 ቦንክራሸር ስሚዝ 12 ዙር አቅፎት ዋለ፣ አንድም ዙር ለማሸነፍ አልሞከረም ግን አልተዘረረም፣ ታይሰን ሲታቀፍ ስራ ይፈታል ማለት ነው። በዛው ዓመት ነሐሴ ላይ ቶኒ ታከር፣ 196 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው፣ በመጀመሪያው ዙር በአፐርከት ወደኋላ አስደግፎት 12 ዙር ጨርሶ በነጥብ ተሸነፈ። እነዚህን ሶስቱን አንድ ላይ ስታዩዋቸው ረጅም ሆኖ ሚንቀሳቀስ፣ ሲጠጋ ሚያቅፍና የመጀመሪያ ዙሮች ላይ ያልደነገጠ ሰው ከታይሰን ጋር እስከ መጨረሻው መሄድ ይችላል። ሶስቱንም በአንድ ሰው ላይ ፈልጉ ብባል ማን ጋ እንደምሄድ ታውቃላችሁ።

ቆይ ግን፣ የአሊ ደጋፊዎች እዚህ ጋ ማጨብጨብ አቁሙ። አሊን ማን ጣለው? በ1962 ሶኒ ባንክስ፣ በመጀመሪያው ዙር፣ በግራ ሁክ። በ1963 ሄንሪ ኩፐር ዊምብሌይ ላይ፣ በ4ኛው ዙር መጨረሻ፣ በግራ ሁክ፣ ደወሉ ደርሶለት ነው እንጂ እንጃ። በ1971 ፍሬዘር፣ በግራ ሁክ። ሶስቱም ግራ ሁክ! ምክንያቱ ይታያል፣ አሊ እጁን ዝቅ አድርጎ ነው ሚሄደው፣ ቡጢ ሲመጣ ደሞ ራሱን ቀጥ አድርጎ ወደኋላ ነው ሚስበው፣ እግሩ ካልደረሰለት ከጎን የሚመጣው ሁክ ጫፉን ያገኘዋል። ኩፐር ላይ ያቺን ቅፅበት ቀስ አድርጋችሁ እዩዋት፣ አሊ ጀርባው ወደ ገመድ ተጠግቷል፣ ወደኋላ መሄጃ የለውም፣ ኩፐር ጃብ (በፊተኛው እጅ የሚሰነዘር ቀጥ ያለ ቡጢ) እየሰደደ ይገባና ተከታትሎ ሁኩን ይለቀዋል፣ አሊ ገመዱ ላይ ተንሸራቶ ቁጭ። ኩፐር ያኔ ከ85 ኪሎ አይበልጥም። ያንን ሁክ በ99 ኪሎና በታይሰን ፍጥነት አስቡት እንግዲህ።

ስለዚ ግጥሚያው የሚወሰነው ታይሰን አሊን ገመድ ላይ ስንት ጊዜ ያገኘዋል ሚለው ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች አደገኛ ነው፣ በጣም። ታይሰን ጃብ ስር ይገባል፣ ጎድን ላይ የሚያርፍ ቡጢ ያስቀድማል፣ ከዛ ወደ ላይ። አሊ ግን ሲገባበት አንገቱን ይዞ ወደ ታች ይጫነዋል፣ ፎርማን ላይ ያደረገው እሱን ነው፣ 13 ሳንቲ ሜትር ሚያጥር ሰው አንገት ላይ መንጠልጠል ደሞ ቀላል ነው። እዚህ ጋ ነው ዳኛው፣ ማቀፍ ሚከለክልና ነጥብ ሚቀንስ ዳኛ ካመጣችሁ እኔም ሃሳቤን እቀይራለሁ። ከአምስተኛው በኋላ የታይሰን ቡጢ ብዛት ይቀንሳል፣ አንድ አንድ ቡጢ ይጀምራል፣ ያኔ የአሊ ጃብ ይናገራል። ሌላም አለ፣ ታይሰን በፕሮፌሽናል ዘመኑ ተጥሎ ተነስቶ ያሸነፈበት ግጥሚያ የለም፣ አሊ ግን ባንክስንም ኩፐርንም ተነስቶ ነው የጨረሳቸው።

የኔ ግምት፦ አሊ 65 ታይሰን 35፣ አሊ ካሸነፈ በነጥብ ወይም ከ9ኛው ዙር በኋላ በማስቆም፣ ታይሰን ካሸነፈ ከ1 እስከ 4 ባለው በዝረራ። "ታይሰን በነጥብ" ሚል ሰው ካለ ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ፣ ለዛ 5 በመቶም አልሰጥም።

በነገራችን ላይ ይሄ በኮምፒውተር ተሞክሯል። በ1967 ሬድዮ ላይ የሁሉም ዘመን የከባድ ሚዛን ውድድር በኮምፒውተር ተደረገና ማሽኑ አሊ በድሮው ሻምፒዮን በጂም ጄፍሪስ ተሸነፈ አለ፣ አሊ ተናዶ ከሰሰ። ከዛ በ1969 አሊንና ጡረታ የወጣውን ሮኪ ማርሲያኖን ካሜራ ፊት አቅርበው ብዙ አይነት አጨራረስ እያስመሰሉ ቀረፁ፣ ማርሲያኖ ለዛ ብሎ ኪሎ ቀንሶ ፀጉር ቀጥሎ ነው የመጣው። በጥር 1970 አሜሪካ ላይ ሲታይ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ፣ አውሮፓ ላይ የታየው ላይ ደሞ አሊ ነው ያሸነፈው ይባላል። ማርሲያኖ ውጤቱን ሳያይ ነሐሴ 1969 በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል። ኮምፒውተሩም እንደኛው ደጋፊውን አይቶ ነው ሚፈርደው፣ ምን ትሉታላችሁ።

ሊመጣ ላለ ግጥሚያ ግምት ስትሰጡ

ይሄኛው ይከብዳል ምክንያቱም እሁድ ጠዋት ትጋለጣላችሁ። ላስ ቬጋስ ሲሆን ዋናው ግጥሚያ እኛ ጋ ንጋት 12 ሰዓት አካባቢ ነው ሚደርሰው፣ ሪያድ ከሆነ ግን ሰዓቱ ከኛ ጋር አንድ ስለሆነ ሌሊት ማምሸት ብቻ ነው፣ ለዚህ የሳዑዲን ገንዘብ አመሰግናለሁ።

መጀመሪያ የውርርድ ገበያው ምን እንደሚል እወቁ፣ ባትቆርጡም። ኦዱን (ካሸነፋችሁ ገንዘባችሁ ሚባዛበትን ቁጥር) ወደ በመቶ መቀየር ቀላል ነው፣ 1ን ለኦዱ ማካፈል። 1.25 ከሆነ 80 በመቶ፣ ተቃራኒው 4.00 ከሆነ 25 በመቶ። ደምሩት፣ 105 ይመጣል፣ አምስቷ የቤቱ ትርፍ ናት። 80ን ለ105 ስታካፍሉት 76 ገደማ ነው ትክክለኛው። አሁን ጥያቄው "ማን ያሸንፋል" ሳይሆን "ከ76 በላይ ነው ወይስ በታች" ነው፣ ሁሉም ሰው ሚያውቀውን ፌቨሪት አሸንፏል ብሎ ደረት መንፋት ግምት አይደለም ስነስርዓት የለሽነት ነው። (ገንዘባችሁን ግን እዛ ቤት አትውሰዱ፣ አምስቷን ሁሌ እነሱ ናቸው ሚበሉት።)

ከዛ ፌቨሪቱ ላይ ስንጥቅ ፈልጉ። የካቲት 1990 ቶኪዮ ላይ ባስተር ዳግላስ 42 ለ 1 ተሰጥቶት ታይሰንን በ10ኛው ዙር ዘረረው፣ "ማን ይጠብቀው ነበር" ይባላል። ምልክቶቹ ግን ነበሩ። ሩኒ የለም፣ ታይሰን እዛው ቶኪዮ ልምምድ ላይ በግሬግ ፔጅ ተጥሏል፣ ወሬው ደሞ ወጥቶ ነበር። ዳግላስ ከ190 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው፣ ጃብ አለው፣ እናቱ ከሳምንታት በፊት ሞታበት ሌላ ሰው ሆኖ መጥቷል። ይሄን ሁሉ ያየ ሰው "ዳግላስ ያሸንፋል" ማለት አይጠበቅበትም፣ ግን 42 ለ 1 ማለት 2 በመቶ ከምናምን ነው፣ 10 በመቶ ቢል በቃው፣ ዛሬ ድረስ ይወራለት ነበር።

የክብደት መለኪያውን ሳታዩ አትጨርሱ። አንዲ ሩይዝ ሰኔ 2019 በተጠባባቂነት ገብቶ ጆሹዋን በ7ኛው ዙር ሲያስቆመው 121 ኪሎ ከምናምን ነበር፣ ታህሳስ ላይ ለመልሱ ሳዑዲ ሲለካ 128 ተኩል ገደማ። ቦርጩን እያየ "ሩይዝ ይደግመዋል" ያለ ሰው ነበር! ጆሹዋ ደሞ ከበፊቱ ቀሎ መጣ፣ 12 ዙር እየዞረው በነጥብ ወሰደ። ሚዛኑ ላይ የወጣው ሰውዬ የሶስት ወር ልምምዱን እየነገራችሁ ነው።

ሚዛን ዘሎ ሚወጣ ካለ ደሞ ምን ይዞ ነው ሚወጣው በሉ። አሚር ካን በ2016 ከሱ ወደሚከብደው ሜክሲኳዊ ካኔሎ ሲወጣ ይዞት የወጣው ፍጥነት ብቻ ነው፣ አገጩ ዱሮም ታች እያለ ሚያሳማ ነበር፣ አምስት ዙር አማረ በስድስተኛው አለቀ። ቴረንስ ክራውፎርድ መስከረም 2025 ከ154 ፓውንድ ወደ 168 ወጥቶ እዛው ካኔሎ ላይ በሙሉ ድምፅ አሸነፈ፣ 116 ለ 112 እና ሁለቴ 115 ለ 113። እሱ ይዞ የወጣው ርቀት መጠበቅ፣ ግራ እጅ ሆኖ መቆም፣ ዙር በዙር ማንበብ ነው፣ እነዚህ ኪሎ ሲጨምር አይጠፉም። አገጭና ጉልበት ላይ የቆመ ሰው ሲወጣ ነው ፍሩለት ምላችሁ።

ግምታችሁን ስትሰጡ ሶስት ነገር ይኑረው፦ ማን፣ እንዴት፣ መቼ ገደማ። በመቶ ጨምሩበት። "ኡሲክ ይመስለኛል ግን ፊዩሪም ይችላል" ብሎ ነገር የለም፣ እሱ ከሽንፈት መሸሸጊያ ነው። "ኡሲክ በነጥብ፣ 60 በመቶ፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ዙሮች ይሸነፋል ከ8 በኋላ ይወስዳል" በሉና ደወል ሳይደወል ፃፉት፣ ሰዓቱ ይታይ። ከደወል በኋላ ሚፃፍ ግምት ታሪክ ነው።

ነጥብ ራሳችሁ ስጡ

ያልተዘረረበት ግጥሚያ ሁሌ ጭቅጭቅ ነው፣ ማስቀሪያው ወረቀት ነው። ድምፁን አጥፉት፣ ኮሜንታተሩ የሚወደው አለው። ዙሩን ያሸነፈ 10፣ የተሸነፈ 9፣ ከተጣለ ብዙ ጊዜ 8። መጀመሪያ ሚታየው በትክክል ያረፈ ቡጢ ነው፣ ጓንት ላይ ያረፈው አይቆጠርም፣ ወደፊት መሄድ ብቻውን ነጥብ አይደለም፣ እየሄደ ካልመታ እየተመታ ነው ሚሄደው። ዙሩ እንዳለቀ ወዲያው ፃፉ፣ "ቆይ በኋላ አስታውሰዋለሁ" ካላችሁ የመጨረሻዎቹ ሰላሳ ሰከንዶች ይበሏችኋል፣ ሌናርድ ሃግለርን የሸወደው በዛች ሰላሳ ሰከንድ ነው።

አንዲት ነጥብ ምን እንደምትሰራ ለማየት ግንቦት 18 ቀን 2024፣ ኡሲክና ፊዩሪ፣ 9ኛው ዙር። ኡሲክ በግራው ያገኘዋል፣ ከዛ ሌላ፣ ከዛ ሌላ፣ 206 ሳንቲ ሜትር የሆነው ሰውዬ እግሩ ከድቶት ከአንዱ ገመድ ወደ ሌላው ይንገዳገዳል፣ ጉልበቱ መሬት አልነካም ግን ገመዱ ባይኖር ወድቋል፣ ዳኛው መሀል ገብቶ ቆጠረ። ደወሉ ተደወለ። ውጤቱ 115 ለ 112 እና 114 ለ 113 ለኡሲክ፣ 114 ለ 113 ለፊዩሪ። አሁን ያቺን ቆጠራ አውጧትና ዙሩን 10 ለ 9 አድርጉት፣ አንዱ ካርድ 115 ለ 113 ለኡሲክ ይሆናል፣ አንዱ 114 ለ 114፣ አንዱ 115 ለ 113 ለፊዩሪ። አቻ! "ዳኛው በመቁጠሩ አዳነው" ሚሉም "ባይቆጥር ይዘረር ነበር" ሚሉም አሉ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ለዛ ነው ይሄ ስፖርት ሚያጣላን።

ለልምምድ አንድ ልስጣችሁ። ሜይዌዘርና ክራውፎርድ፣ በ147 ፓውንድ፣ 12 ዙር። ክራውፎርድን ሐምሌ 2023 ኤሮል ስፔንስን ሶስት ጊዜ ጥሎ በ9ኛው ያስቆመበትን ምሽት ውሰዱት። ሜይዌዘርን ቀኑን እናንተ ቁረጡ፣ ግን ሶስት ግጥሚያ ሙሉውን ሳታዩ እንዳትመጡ፦ በ2006 ግራ እጁ ዛብ ጁዳ የመጀመሪያ ዙሮች ላይ ያስቸገረውን፣ በ2010 ሼን ሞዝሊ በ2ኛው ዙር በቀኝ ጉልበቱን ያብረከረከውን፣ በ2015 ፓኪያኦን በሙሉ ድምፅ ያሸነፈበትን። እኔ ሜይዌዘር በነጥብ፣ 55 በመቶ ብዬ ፅፌያለሁ። 45ቱን ይዞ ሚመጣ ካለ ቡናው በኔ ነው።